በሸንጎው መስክ ላይ ሰባት መቀመጫ

ኢየሩሳሌም፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ይድረስ ለታላቅ እኅቴ ለእትዬ ወለተኪዳን ወልደ አማኑኤል፣

ከቅዱሱ ስፍራ ሆኜ ጉልበትዎን እስማለሁ። ጤናዎ፣ ከብቱ፣ አዝመራው እንደምን ሰነበተ? እኔ ስደተኛ ደኅና የሚሆነውን ያህል ደኅና ነኝ። በልቼ አድራለሁ፣ ቅዳሴም አይታጎልብኝም።

እትዬ፣ ሰምቻለሁ። ባለፈው ወር ከመንዝ የመጡ አባ ገብረየሱስ የሚባሉ መነኩሴ በገዳሙ ደጅ አግኝቼ ያባታችንን ደኅንነት ብጠይቃቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው ስለ መንገዳቸው ድካም ያወሩኝ ጀመር። አጥብቄ ስይዛቸው ነገሩኝ። አባታችን መሪጌታ ወልደ አማኑኤል ከስድስት ሽማግሌዎች ጋር በሸንጎው መስክ ለፍርድ እንደተቀመጡ ጣልያን ከቦ በጥይት ጨረሳቸው አሉኝ። በየካቲት፣ በጠራራ ፀሐይ። እሳቸው ከተቀበሩ በኋላ እኔ ስለ ጤናቸው ስንት ጊዜ ጸልዬ ኖሯል!

ካለቀስኩ በኋላ አንድ ነገር አሰብኩ። እዚህ ከተማ ውስጥ ሕዝብ የሚናፈስበት ያትክልት ቦታ አለ፤ በዚያም የድንጋይ መቀመጫዎች ተሠርተዋል። በየመቀመጫው ጀርባ ላይ የሞተ ሰው ስም ተቀርጿል። ሸክም የከበደው ያርፍበታል፣ እናት ልጇን ታጠባበታለች፣ ሲነሱም ስሙን አንብበው ይሄዳሉ። ለአባታችንና ለስድስቱ ጓደኞቻቸው በዚያው በወደቁበት መስክ ላይ እንዲህ ያለ ሰባት መቀመጫ ቢሠራ ስማቸው ከአገር አይጠፋም። ሥዕሉን በዚህ ወረቀት ጀርባ ነድፌዋለሁ፤ አባ ገብረየሱስ ሲመለሱ በእጅዎ ያደርሱልዎታል። ድንጋይ ጠራቢው ጎበዜ በሕይወት ካለ አይቶ ይገባዋል።

ልጄስ? ዓምደ ሚካኤልን እናቱ ከሞተች ወዲህ ያሳደጉት እርስዎ ነዎት፤ ስሰደድም ለእርስዎ ሰጥቼ ነው የወጣሁት። አሁን ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። የአያቱ መታሰቢያ ነውና ድንጋዩን እሱ ይሸከም። ያስተማርኩት ጽሕፈትም አልጠፋበት እንደሆን አንድ መስመር በእጁ ይጻፍልኝ።

ታናሽ ወንድምዎ ተክለጻድቅ


መንዝ፣ የካቲት ፳ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለተክለጻድቅ፣

እግዚአብሔር የስደትህን ዘመን ያሳጥርልህ። እኔ ደኅና ነኝ። ከብቱ ደኅና ነው። ይህን ደብዳቤ የሚወስደው የጣልያን ምሽግ ፖስታ ነው። ሹሞቹ ለሕዝቡ አሳቢ ስለሆኑ ከመላኩ በፊት ከፍተው ያዩልናል። ስለዚህ ደኅና ደኅናውን ብቻ እጽፍልሃለሁ።

አባታችን አምና በየካቲት፣ አንተ በሰማኸው ሕመም፣ ከስድስት ጓደኞቻቸው ጋር ባንድ ቀን አርፈዋል። ሕመሙ ፈጣን ነበር፤ ምስር ንፍሮ እስኪበስል እንኳ አልቆየም። ሰው መሰብሰብ ስለማይፈቀድ ተዝካራቸው አልወጣም። ቄሱና እኔ በቤት ውስጥ ጸሎት አድርሰናል።

የሸንጎው መስክ አምሮበታል። በሽቦ ታጥሯል። ባሕር ዛፍና አበባ ተተክሎበታል፤ ጃርዲን ነው የሚባለው። ማታ ማታ የምሽጉ መኮንኖች ይናፈሱበታል። እኛም እንገባለን፤ አበባውን ውሃ ለማጠጣት።

መቀመጫ ስለምትለው ነገር፣ እኛ አገር ለሞተ ሰው ተዝካር ይወጣል እንጂ ወንበር አይሠራም። ሥዕልህን ግን ጎበዜ አይቶታል። «ያምራል» አለ፤ ሌላ አልተናገረም።

ዓምደ ሚካኤል ደኅና ነው። ሥራ ይዟል።

እኅትህ ወለተኪዳን


ኢየሩሳሌም፣ ሰኔ ፱ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ወለተኪዳን፣

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ከእግርዎ በታች ነው። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመስመሩ መካከል ያለውን ያነበብኩ ይመስለኛል።

ቢሆንም እትዬ፣ ያዝንኩበትን ልናገር። ስለ መቀመጫው የጻፉልኝ ልብ ያለው ሰው የሚጽፈው አይደለም። መስኩ ቢታጠር አገሩ ሁሉ አልታጠረም። ከመስኩ አፋፍ ላይ ቢሠራስ? ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅስ? እዚህ ያሉት ስደተኞች ሁሉ አሳቤን አድንቀዋል። አንድ ቀኛዝማች ሥዕሉን አይተው «አንተ ሰው፣ ይህ ለመንግሥትም የሚቀርብ ነው» ብለውኛል። እኔ በባዕድ አገር ሆኜ ያሰብኩትን እናንተ በአገራችሁ መሬት ላይ ሆናችሁ እንዴት ማድረግ ያቅታችኋል? ፍርሃት ከሆነ አባታችን በፍርሃት አልሞቱም።

ዓምደ ሚካኤል ሥራ ይዟል ብለውኛል። ምን ሥራ? ከማን ዘንድ? ለምንስ አንድ መስመር ይነፍገኛል?

ታናሽዎ ተክለጻድቅ


መንዝ፣ ኅዳር ፬ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.

ይድረስ ለተክለጻድቅ፣

መድኃኔ ዓለም ከፊቱ አያርቅህ። ይህን የምታመጣልህ እማሆይ አስካለ ማርያም ናት። በጅቡቲ በኩል ለመሳለም እየመጣች ነው፤ በዳዊቷ ልባስ ውስጥ ሰፍቼ ሰጥቻታለሁ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ጣልያን ሳይሆን አንተ ነህ የምትከፍተው።

ፈራሽ ብለኸኛል። እሺ። እንግዲያ ስማ።

የዚያን ዕለት ዓርብ ነበር። በሁለት ጎረቤታሞች የድንበር ክርክር ሸንጎ ተቀምጧል። አባታችን ታመው ስለሰነበቱ እንዲቀሩ ለምኛቸው ነበር። «ነገሩን እኔ ነኝ የጀመርኩት፣ ሌላ ሰው አይጨርሰውም» ብለው በበቅሎ ሄዱ። ወታደሩ ከምሽጉ በሁለት ወገን ወጥቶ ከበባቸው። ለአርበኛ ስንቅ ታዋጣላችሁ ነው ያሉት። ምንም አልጠየቋቸውም። ሁሉም በለምዳቸው ላይ እንደተቀመጡ ቀሩ። ሬሳውን ያነሳነው በማግስቱ ነው፤ ያን ቀን አላስጠጉንም። አባታችን በርኖሳቸው ላይ የሽንብራ ቆሎ ፈስሶ ነበር። በልተው አልጨረሱም።

ደግሞ መቀመጫ ነው ያልከው? ተሠርቶልሃል! ባለፈው ሚያዝያ አንድ የጣልያን መኮንን በወንጪት ወንዝ በኩል አርበኞች ገደሉት። የምሽጉ አዛዥ ካፒቴኑ በጃርዲኑ ውስጥ መታሰቢያ ይሠራለት፣ ወታደር የሚያርፍበት የድንጋይ መቀመጫ ይሁን ብሎ አዘዘ። ጎበዜን አስረው አመጡት። ድንጋዩን ያጋዝነው እኛ ነን፤ እኔም በጀርባዬ ተሸክሜያለሁ፣ ባሏና ወንድሟ ከሰባቱ መካከል የሞቱባት ጌታነሽም ተሸክማለች። ባባታችን ደም ላይ አጋድመን የጠላት ስም አስቀረጽንበት። ካፒቴኑ የመቀመጫውን ቁጥር አልተናገረም ነበር። ጎበዜ ሰባት አደረጋቸው። ምን ያህል እንደምንፈራ ከዚህ ለካው።

ስለ ዓምደ ሚካኤል። ጫማ አለው፤ እግሩ አይበርደውም። ጠግቦ ያድራል። እማሆይን ሌላ አትጠይቃት፣ ቃል አስገብቻታለሁ።

ወለተኪዳን


ኢየሩሳሌም፣ ሚያዝያ ፳፱ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.

እትዬ ወለተኪዳን ሆይ፣

ይቅር ይበሉኝ። በጻፍኩት አፍሬያለሁ። ደብዳቤዎን እንዳነበብኩ ሳምንት ከሰው አልተቀላቀልኩም።

ግን ጫማው የማን ጫማ ነው? እማሆይ አስካለ ማርያምን ጠየቅኋት። ከፊቴ ተነስታ ወደ ቅዳሴ ሄደች፤ ቅዳሴው ከወጣ ቆይቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስታየኝ መንገድ ትለውጣለች። እትዬ፣ አባት ነኝ። የሞተ እንደሆነ ሞተ ይበሉኝ። ሌላም ከሆነ ይንገሩኝ። እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ተክለጻድቅ


አዲስ አበባ፣ ሐምሌ ፭ ቀን ፲፱፻፴፫ ዓ.ም.

ይድረስ ለክብርት እኅቴ ለእትዬ ወለተኪዳን፣

አገራችንን ከባርነት ላወጣ አምላክ ምስጋና ይድረሰው፤ እርስዎንም በሕይወት አቆይቶልኝ ከሆነ ምስጋናዬ እጥፍ ነው። ጦርነቱ መንገዱን ሁሉ ስለዘጋው ካለፈው ዓመት ወዲህ የእርስዎን ድምፅ አልሰማሁም። እኔ ከገባሁ ወር ሆነኝ። በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ተመድቤያለሁ፤ ከዚያም በላይ ተስፋ አለ።

ምሽጉ መለቀቁን፣ መስኩም ለአገሬው መመለሱን ሰማሁ። እንግዲህ ጊዜው ደረሰ! የጠላትን ድንጋይ አፍርሰው የእኛን ያሠሩ። እኔ ክረምቱ ሲወጣ መጥቼ እመርቀዋለሁ። ክረምት ባይሆን ኖሮ አሁኑኑ በመጣሁ። ስለ ልጄም ያኔ ፊት ለፊት እንነጋገራለን።

ወንድምዎ ተክለጻድቅ


መንዝ፣ ነሐሴ ፲፰ ቀን ፲፱፻፴፫ ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለተክለጻድቅ፣

እንኳን ለአገርህ አፈር አበቃህ። ደብዳቤህን ያመጣው ነጋዴ በክረምቱ ጭቃ ስድስት ቀን በእግሩ መጥቷል። የሚመጣ ሰው በክረምትም እንደሚመጣ እንድታውቅ ነው።

መቀመጫውን አላፈረስነውም። ድንጋዩን የተሸከምነው እኛ ነን፤ ለምን እናፈርሰዋለን? ጣልያን በወጣ በሁለተኛው ሳምንት ጎበዜ ሰባቱንም ፈንቅሎ ገለበጣቸው። የጠላቱ ስም ወደ መሬት ሆነ። ከላይ የሰባቱን ስም ጠረበ። የመጀመሪያው ያባታችን ነው።

አሁን የልጅህን ነገር ስማ። ፊት ለፊት እስክንነጋገር የሚቆይ አይደለም።

አንተ በወጣህ ዓመት በልግ ቀረ፣ መኸሩንም ወታደር በላው። ምሽጉ ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ይፈልጋል ሲባል «ሂድ፣ እህል ይዘህ ትመጣለህ» ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሄደ። ቋንቋቸውን ቶሎ ለመደ፣ አስተርጓሚ ሆነ። ሽማግሌዎቹ በተገደሉ ዕለት ከካፒቴኑ አጠገብ ቆሞ አይቼዋለሁ። ከዚያ በኋላ ቤቴ አልገባም። እህል ግን ይልክ ነበር። እኔም እበላ ነበር።

ጣልያን ለቆ ሲወጣ ሌሎቹ አስተርጓሚዎች አብረው ተከተሉ። እሱ ቀረ። በቅዳሜ ገበያ፣ ሕዝቡ ሁሉ እያየ፣ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ወደ መስኩ መጣና ተደፋ። ሰው ሊበጣጥሰው ተነሳ። የሸንጎው ዳኛ አቶ ኪዳነ ወልድ ናቸው ያስጣሉት። «አስቀድሞ ይናገር» አሉ። እኔ ጠየቅሁት።

«ምን አደረግህ?»

«ካፒቴኑ ሽማግሌዎቹ መቼ እንደሚቀመጡ ንገረኝ፣ ላነጋግራቸው እፈልጋለሁ አለኝ። ዓርብ አልኩት።»

«አያትህ ከነሱ ጋር እንደሚቀመጡ ረሳህ?»

«አባባ ታመው ነበር። አይመጡም ብዬ ነው።»

«ለማነጋገር ብቻ ከሆነ፣ ቢመጡ ምን ነበረበት?»

ድንጋዩን ስቦ መልሶ ማጅራቱ ላይ ጫነው።

አሁን በኪዳነ ወልድ ቤት በገመድ ታስሮ ነው ያለው። የስድስቱ ቤተሰብ አንድ ቃል ተናገሩ። «ደሙ የሁላችን ነው፣ ልጁ ግን የመሪጌታ ቤት ነው። የመሪጌታ ቤት ይቅር ካለ ይቅር እንላለን፤ ይሙት ካለ ይሞታል» አሉ። እኔ ይቅር ብያለሁ። ግን ወንድ ልጅ እያለ የሴት ልጅ ቃል ብቻውን አይበቃም አሉኝ። ያባታችን ደም ባለቤት አንተ ነህ። የልጁም አባት አንተ ነህ። መምጣት ከቻልክ ና። ካልቻልክ ቃልህን ጽፈህ ላክ። «ምሬዋለሁ» የሚል አንድ ቃል ይበቃል፤ ሌላም ከሆነ እሱን ጻፍ። ልጁ በየቀኑ «ደብዳቤ መጣ ወይ?» ይለኛል።

እኅትህ ወለተኪዳን


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት ፫ ቀን ፲፱፻፴፬ ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ወለተኪዳን፣

አዲሱ ዘመን የሰላም ይሁንልዎ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። መልሴ የዘገየው ሥራ ስለበዛብኝ ነው። ስለ ጻፉልኝ ነገር እግዚአብሔር ያውቃል። ጊዜው የሰው ስም በቀላሉ የሚጎድፍበት ነው፤ ከእኔ ጋር ለሹመት የታጨ አንድ ሰው የአጎቱ ልጅ ለጠላት አድሮ ነበር ስለተባለ ብቻ ቀርቷል። ስለዚህ አንዳንድ ጉዳይ በወረቀት ላይ ባይሰፍር ይሻላል። ይህን እርስዎ በብልኅነትዎ ይረዱታል።

መቀመጫዎቹ መሠራታቸው እጅግ አስደስቶኛል። ለኅዳር ሚካኤል ሁለት ባለ ሥልጣኖች ይዤ እመጣለሁ፤ በእነሱ ፊት ይመረቃል። ጎበዜ በመጀመሪያው ድንጋይ ግርጌ «በስደተኛው በተክለጻድቅ ወልደ አማኑኤል አሳቢነት ተሠራ» የሚል ይጨምርበት። እንግዶቹ የሚያርፉበት ድንኳንና ጠላ እንዲዘጋጅ አደራ።

በቀረው ሁሉ ሽማግሌዎቹ እንደ አገሩ ልማድ ያድርጉ።

ተክለጻድቅ


መንዝ፣ ኅዳር ፪ ቀን ፲፱፻፴፬ ዓ.ም.

ለተክለጻድቅ፣

ደብዳቤህ ደረሰ። ሸንጎው በዚያው ሳምንት ተቀመጠ፤ በመስኩ ላይ፣ በአዲሱ መቀመጫ። ባስታወቅሁት መሠረት ቃልህን ሊሰሙ ሁሉም መጡ። የሚያነብ ሌላ ሰው አልፈለግሁም፣ እኔው አነበብኩት። ከላይ እስከ ታች፤ ስለ ድንኳኑም፣ ስለ ጠላውም። ልጅህ በፊታችን ቆሞ ነበር።

ስጨርስ «ስሜ የለበትም?» አለኝ።

«ወረቀቱ አልበቃው ይሆናል» አልኩት።

አቶ ኪዳነ ወልድ ደብዳቤውን ተቀብለው የመጨረሻውን መስመር ራሳቸው አነበቡት። «እንደ አገሩ ልማድ ይላል» አሉ። ልማዱ ደም በደም መሆኑን አንተም ታውቃለህ፤ ሳታውቅ አልጻፍከውም። የሁለት ሟቾች ልጆች ገመዱን ይዘው ሊሰቅሉት ተነሱ። እኔ የሴት ቃሌን አስቀድሜ ጨርሼዋለሁ።

ያን ጊዜ ጌታነሽ ብድግ አለች። ባሏና ወንድሟ ሦስተኛውና አምስተኛው ድንጋይ ላይ ናቸው። ነጠላዋን አደግድጋ እመሐል ቆመች።

«እኔ ባንድ ቀን ሁለት ሬሳ ቀብሬያለሁ» አለች። «ይህን ደግሞ አባቱ በቁሙ ቀብሮታል፣ ሁላችሁም ሰማችሁ። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አይቀበርም። ገመዱን አስቀምጡ።»

ኪዳነ ወልድ «ከእሷ የበለጠ ደም ያለው ይናገር» አሉ። ማን ይናገራል? ገመዱን አስቀመጡ።

ፍርዱ ይህ ነው። መንዝን ይለቃል፤ ከሰባቱ ቤተሰብ አንድ ሰው በሕይወት እስካለ ድረስ አይመለስም። ወደ መርሐ ቤቴ ተልኳል። ከዓለም ከተማ ወዲያ ጣልያን ያቃጠለው ቤተ ክርስቲያን እየተሠራ ስለሆነ እዚያ ድንጋይ ይሸከማል። እስከ ቁልቁለቱ ሸኘሁት። በሶና የምደርበውን የሱፍ ዝተት ሰጠሁት። ጉልበቴን ሲስም ልመርቀው ፈልጌ አፌ እምቢ አለኝ። ከታች ሆኖ ሁለት ጊዜ ዞሮ አየኝ። አሁን ሳስበው መመረቅ ነበረብኝ። አንተ ያልጻፍከውን ቃል እኔም አልተናገርኩትም፤ በዚህ የአንድ አባት ልጆች ነን።

ጎበዜን የፈለግኸውን ጽሑፍ ጠየቅሁት። «የተሸከሙትን ስም ጻፍ ካልሽኝ እጽፋለሁ» አለ፣ «ያሰቡትን ስም ግን መዶሻዬ አያውቀውም።» ስለዚህ አልተጻፈም።

የሚመረቅም ነገር የለም። ሰው ተቀምጦበታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ሸክማቸውን አሳርፈው ያወጉበታል። ጌታነሽ ባሏ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ሱፍ ትፈትላለች። ማንበብ የሚችል ለማይችለው ስሙን ያነብለታል። ድንኳን አንተክልም፤ ጠላም አልጠነሰስንም።

መምጣት ከፈለግህ ግን ና። ሹማምንቱንም ይዘህ ና። መስኩ የሁሉ ነው፣ የምትቀመጥበት ቦታ አታጣም። ስትመጣ ብድግ ብሎ የሚቀበልህ ሰው ብቻ አትጠብቅ። እኔንም ጨምሮ።

ወለተኪዳን